«ስሜት ጨምሪበት» ማለት ይብቃ

ወዳጆቼ፣ ይሄኛው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ልጻፈው፣ ልተወው» ስል ቆይቼ ነው የጻፍኩት። የሚቀየመኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከሚቀየሙት ውስጥም እኔው ያስተማርኳቸው፣ ዛሬ የዳይሬክተር ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆች ይኖራሉ። ቅር ያለው ስልኬን ያውቀዋል፣ ደውሎ ይውቀሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት አንዲት ተዋናይት ማታ አራት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። (ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ስሟንም የድራማውንም ስም አልጠራም። ኮመንት ላይ «እገሌ ናት» ብላችሁ ለመገመት አትሞክሩ፣ አጠፋዋለሁ።) የዚያን ቀን ቀረጻ ላይ ውላለች። ትዕይንቱ ቀላል ነው፦ እህት ወንድሟ ቤት ትሄዳለች። ወንድምየው የወላጆቻቸውን ቤት ሊሸጥ ውሉን ፊቱ ዘርግቶ እስክሪብቶ ይዟል። እንዳይፈርም ትፈልጋለች። በቃ። ያላት ቃለ ተውኔት ስምንት ወይ ዘጠኝ መስመር ነው።

አንዴ ተጫወተችው። ዳይሬክተሩ «ስሜት ጨምሪበት» አላት። ጨመረች። «አሁንም አልመጣም» አላት። አራተኛው ቴክ ላይ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «እናትሽን አስቢያት» አላት። እናቷን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም። ሰውየውም ያውቃል፣ ልቅሶ ደርሷል።

አሰበቻት። አለቀሰች። ሰባተኛው ቴክ ሲያልቅ መብራት የያዘው ልጅ ሳይቀር አጨበጨበ። ማታ ስትደውልልኝ ግን ድምጿ ደረቅ ነበር። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ዛሬ እናቴን የሸጥኳት መሰለኝ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት በደንብ አላስታውስም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የመጣብኝን ግን አልረሳውም። ያንን መንገድ ያሳየኋት እኔ ነኝ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በሕይወታችሁ በጣም ያዘናችሁበትን ቀን አምጡት፣ ክፍሉ ምን ምን ይሸት ነበር፣ ምን ለብሳችሁ ነበር…» የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎቼ ይህን ታስታውሳላችሁ። ወለል ላይ አስተኝቼ አስለቅሻችኋለሁ። ያላለቀሰውን «ገና አልተከፈትክም» ብዬዋለሁ። ከእናንተ አንዱ እንባ እንቢ ሲለው ዓይኑን በሽንኩርት እጅ አሽቶ ሲመጣ ይዤው ክፍል ውስጥ ያሳቅኩበትም ትዝ ይለኛል። ዛሬ ሳስበው እሱ ልጅ ከሁላችንም የተሻለ ራሱን ጠብቋል። ስለዚህ ጣቴን ስቀስር ወደ ራሴም ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ።

«ስሜት ጨምሪበት» ለተዋናይ የሚሰጥ መመሪያ አይደለም። ወጥ ቤት ገብቶ «ይጣፍጥ» ብሎ እንደመውጣት ነው። ጨው ይጨመር? ይብሰል? ይውጣ? ምንም አላልክም። ስሜት ሲያዙት አይመጣም። እስቲ አሁኑኑ፣ ይህን እያነበባችሁ፣ ተናደዱ። እምቢ አለ አይደል? ግንባራችሁን ቋጥራችሁ፣ ትንፋሻችሁን ጨምራችሁ ይሆናል እንጂ አልተናደዳችሁም። አሁን ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አናዱት። ይሄኛው እንዴት እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለየሰዉ መላው ይለያያል እንጂ መላ አይጠፋም።

ነገሩ እዚህችው ላይ ነው ያለው። ተዋናይ ለሚናገራት ለእያንዳንዷ ነገር መምረጥ ያለበት፣ በዚያች ንግግር አጠገቡ ያለውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ነው። ምን ሊያገኝ ፈልጎ ነው የተናገረው? ለማግኘትስ ሰውየውን ምን ያደርገዋል? ያባብለዋል? ያሳፍረዋል? ይፈትነዋል?

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምሰጣትን መስመር ታስታውሳላችሁ። «እራት ቀርቧል።» ሁለት ቃል። ባል አምሽቶ ገብቷል፣ ሚስት ሳትተኛ ጠብቃለች። «ስሜት ጨምሪበት» ብትሏት የመጀመሪያዋ ልጅ አዝና ትለዋለች፣ ሁለተኛዋ ተቆጥታ፣ ሦስተኛዋ በጣም አዝና። ከዚያ አለቀ። ሦስቱም ወለሉን ወይ ግድግዳውን እያዩ ነው፣ ስሜታቸውን ሲጠብቁ ባልየውን ረስተውታል። አሁን ድርጊት ስጧቸው። «እራት ቀርቧል» ብላ ትቅጣው። «እራት ቀርቧል» ብላ ትማረው። «እራት ቀርቧል» ብላ ትመርምረው፦ በልቶ መጥቷል ወይስ አልበላም? (በልቶ ከመጣ የት በላ?) «እራት ቀርቧል» ብላ ታባረው። አያችሁ፣ ቃሉ አልተነካም። ግን በመጀመሪያው ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ጮክ ብሎ ይቀመጣል፣ በሁለተኛው ክዳኑ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ በሦስተኛው ዓይኗ እጁ ላይ ነው፣ በአራተኛው እሷ ራሷ ወደ ጓዳ ዞራለች። አንዳቸውንም «እንዲህ ቁሚ፣ እንዲህ እዪ» አላልኳቸውም።

እዚህ ላይ አማርኛችን ምን ያህል እንደሚያግዘን ሳስብ ይገርመኛል። ግሣችን የሚደረግበትን ሰው በሆዱ ይዞ ይዞራል። «እናደዳለሁ» ብትሉ ብቻችሁን ናችሁ። «አናድድሃለሁ» ስትሉ ሁለት ሰው ሆናችሁ። «አፍራለሁ» - «አሳፍርሃለሁ»። «እስቃለሁ» - «አስቅሃለሁ»። «እደነግጣለሁ» - «አስደነግጥሃለሁ»። «አዝናለሁ» - «አሳዝንሃለሁ»። ግራ በኩል ያሉት በሙሉ የስሜት ቃላት ናቸው፣ መድረክ ላይ ምንም አያስደርጓችሁም። ቀኝ በኩል ያሉት ድርጊት ናቸው። ስለዚህ ለመስመራችሁ የመረጣችሁት ግሥ ጫፉ ላይ «-ሃለሁ» ወይ «-ሻለሁ» ካልያዘ ጣሉት።

ወዲያው እጁን የሚያወጣ አንድ ብልጥ አለ፦ «መምህር፣ "እወድሃለሁ"ስ?» እውነቱን ነው። «እጠላሃለሁ»ም፣ «እፈራሃለሁ»ም እንደዚያው። ፈተናዋ እዚህ ጋ ታልፋለች። ለዚህ ሁለተኛ ፈተና አለኝ፦ ይህን ነገር ወንበር ላይ ተቀምጠህ አሁን አድርገው። «ውደዳት።» ምን ታደርጋለህ? ፈገግ ትላለህ፣ ዓይንህን ታለሰልሳለህ፣ የፖስትካርድ ፎቶ ትሆናለህ። መውደድ በውስጥህ ያለ ነገር ነው። የምትወዳትን ሴት ግን ማቀማጠል፣ መተንኮስ፣ መማጸን፣ መጠበቅ ትችላለህ። እነዚህ ይሠራሉ።

ደግሞ የግሥ ድሃ አይደለንም። መውቀስ፣ መገሠጽ፣ መዝለፍ፣ መውረፍ። አራቱም ሰውን በአፍ መንካት ናቸው፣ ግን የሚገሥጽ ሰው ትከሻና የሚወርፍ ሰው ትከሻ አንድ አይደለም። ማባበል፣ መሸንገል፣ መደለል፣ ማግባባት። መጎንተል፣ መቆስቆስ፣ መተንኮስ፣ መሸንቆጥ። እናቶቻችን በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ናቸው። ይህን ሁሉ ሀብት ይዘን ተዋናይን «አዝነሽ በይው» እንላለን።

«ይሄ የፈረንጅ ፍልስፍና ነው፣ የኛ ሰው ስሜታዊ ነው» የሚሉኝ አሉ። ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ «እናትሽን አስቢያት» ራሱ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ፣ የሞስኮ አርት ቲያትርን እ.ኤ.አ. በ1898 ከኔሚሮቪች-ዳንቼንኮ ጋር የመሠረተው ሰው፣ በአንድ የሥራ ዘመኑ የስሜት ትውስታን በሰፊው ሞክሯል። ሐሳቡን ሪቦ ከሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ልቦና ሰው ነው ያገኘው። ይህ ነገር አሜሪካ ደርሶ በሊ ስትራስበርግ እጅ የትምህርቱ ማዕከል ሆነ። ኒውዮርክ በነበረው ግሩፕ ቲያትር ውስጥ ተዋናዮች ቁስላቸውን እየቆፈሩ ይለማመዱ ነበር። ከመካከላቸው ስቴላ አድለር መረራት። እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ሄዳ ስታኒስላቭስኪን ራሱን አገኘችውና ሳምንታት አብራው ሠራች። የተመለሰችው «ሰውየው ዋናው የተሰጠው ሁኔታና ድርጊት ነው ይላል፣ እኛ ያጋነንነውን ትቶታል» የሚል መልእክት ይዛ ነው። ስትራስበርግ አልተቀበላትም፣ ቡድኑም በዚህ ተጨቃጨቀ። ሽማግሌው እስከሞተበት እስከ 1938 ድረስ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ሲሠራበት የነበረው በአካላዊ ድርጊት መጀመርን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስሜት ትእዛዝ አይሰማም፣ እጅና እግር ግን ይሰማሉ። ስሜቱ ከመጣ ከድርጊቱ ኋላ ተከትሎ ይመጣል።

እኔ በወጣትነቴ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነው። መምህሩ ራሱ ያለፈውን ነገር ይዤ ክፍል ገብቼ እናንተን አስለቀስኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

እንግሊዛዊው ማክስ ስታፎርድ-ክላርክ ደግሞ ነገሩን እስከ ጥግ ወስዶታል። ከተዋናዮቹ ጋር ልምምዱ መጀመሪያ ላይ ለቀናት ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ይልና ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ግሥ ይመርጣሉ፣ ሌላ ሰው ላይ የሚያርፍ ግሥ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2004 ማሪና ካልዳሮኒና ማጊ ሎይድ-ዊሊያምስ ለተዋናዮች እንዲህ ያሉ ግሦችን ብቻ ሰብስበው መጽሐፍ አደረጉት። ፈረንጅ እንግዲህ አንድ ወጥ አይደለም። እኛ ከሱ መርጠን የወሰድነው የሚያደማውን ነው።

ሁለተኛው መልሴ ከዚህ ይበልጣል። የኛ ሰው ይህንን ድሮም ያውቀዋል። ልቅሶ ቤት ሙያውን የያዘችዋ ሴት ስሟ ምንድን ነው? አስለቃሽ። ስሙን ልብ በሉት፣ ሰውን የምታስለቅስ ማለት ነው። ሟቹን ላታውቀውም ትችላለች። መጥታ ቆማ «እስቲ መጀመሪያ ስሜቴ ይምጣ» አትልም። ልጁ ወዴት እንደተቀመጠ ታያለች፣ ወደሱ ዞራ የአባቱን ደግነት ታነሳበታለች። እህቲቱ ዝም ብላ እንደሆነ በስም ትጠራታለች። ይህቺኛዋን ትወጋታለች፣ ያቺኛዋን ታባብላታለች፣ ሰውየውን ታኮራዋለች። እሷም ልታለቅስ ትችላለች፣ ላታለቅስም ትችላለች፤ ለቀስተኛው ግን ያለቅሳል። ከዚህ የበለጠ የትወና ትምህርት ቤት አላየሁም።

ሽማግሌዎችስ? ልጅ ሊጠይቁ ሄደው ገና በር ላይ «ልጃችሁን ስጡን» የሚሉ አሉ? ስለ ዝናቡ ያነሳሉ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ጤና። ቁጭ በሉ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ። ስለ አዝመራው የሚያወሩት ቃል እና በዚያ ቃል የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ሰምና ወርቅን ለዘመናት ያሳደገ ሕዝብ፣ ቃሉ ሰሙ ድርጊቱ ወርቁ መሆኑን ለተዋናይ ማስረዳት ሊከብደው አይገባም ነበር። ድራማዎቻችንን ስታዩ ግን ሁሉም ሰም ነው። «ተናድጃለሁ» የሚል ሰው ተናዶ ይለዋል፣ «ከፍቶኛል» የሚል ከፍቶት።

ስለ ዝናብና አዝመራ ካነሳሁ ቼኾቭን ሳልጠራ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «የቼሪው አትክልት ቦታ» መጨረሻው ገቢር ላይ ሎፓኺን ቫርያን እንዲያገባት ሁሉም ሰው ይጠብቃል። እሱም እሺ ብሏል፣ ብቻቸውን ይተዋቸዋል። እሷ ገብታ ሻንጣዎቹ መካከል አንድ ነገር ትፈልጋለች። ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃታል። ሰው ቤት ልታስተዳድር መሄዷን ትነግረዋለች። እሱ ስለ ጉዞው ያወራል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ሦስት ዲግሪ ብርድ እንዳለ ይነግራታል። ቴርሞሜትራቸው መሰበሩን ትነግረዋለች። ውጪ ሰው ይጠራዋል፣ ይሄዳል። እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ጋብቻ የሚለው ቃል አልተነሳም።

«ስሜት ጨምሪበት» እዚህ ጋ ምን ያደርጋል? ልጅቷ ከመጀመሪያው ሻንጣ ጀምራ ታለቅሳለች፣ ትዕይንቱም ገና ሳይጀመር ይሞታል። ክፍል ውስጥ ስንሠራው ግን ጥያቄው አንድ ነበር፦ ሻንጣውን ስትበረብር ሎፓኺንን ምን እያደረገችው ነው? አንዱ ቡድን «ጊዜ ትሰጠዋለች» አለ፣ ሌላው «ትጋብዘዋለች»። የቴርሞሜትሩ መስመር ላይ ግን ተጣላን። «በሩን ትዘጋበታለች»፣ «ትቀጣዋለች»፣ «የመጨረሻ ዕድል ትሰጠዋለች»። ከኋላ የተቀመጠች፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ያልተናገረች ልጅ ቀስ ብላ «ትምረዋለች» አለች። እንደማይጠይቃት ገብቷታል፣ ከጭንቀቱ ትገላግለዋለች። ተነሥታ ስትጫወተው ክፍሉ ጸጥ አለ። እስካሁን የሰማሁት ምርጥ ግሥ እሱ ነው። (ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ ያኔ «ጥሩ ነው» ብዬ ብቻ ያለፍኩት ደንግጬ ነው።)

በተቃራኒው ስለ ክፉ ሰው አጨዋወታችን ላንሳ፣ አጭር ነው። ቴሌቪዥናችን ላይ ክፉ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ይታወቃል፤ ዓይኑን ያጠባል፣ ብቻውን ይስቃል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን በአማርኛ ሰጥቶናል፣ እስቲ ኢያጎን እዩት። ሦስተኛው ገቢር ላይ ካሲዮ ከዴዝዴሞና ዘንድ ሲወጣ ያየና ለራሱ እንደሚያጉረመርም ሰው አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። ኦቴሎ «ምን አልክ?» ሲለው ምንም አላልኩም ይላል። ክፋት የለም፣ ፊት መቋጠር የለም። ያደረገው ነገር ኦቴሎ እንዲጠይቀው ማድረግ ነው። ያስጎመጀዋል፣ ከዚያ ይከለክለዋል፣ እንደገና ያስጎመጀዋል። ኦቴሎ እየለመነ መርዙን ይቀበላል። ይህን የሚጫወት ተዋናይ «ክፉ ልሁን» ካለ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ይጋለጣል፣ ኦቴሎም ጅል ይመስላል።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ፊት የለም፣ እንባ የለም፣ አንድ ሰው ነው። ግን ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ማንን እየተጫኑ እንደሆነ፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር ማንን እየጎነተለ እንደሆነ ይሰማችኋል። የሚናገርበት ሰው ክፍሉ ውስጥ ያለ ያህል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው ለየገጸ ባሕርይው የሰጠው ድምፅ ብቻ አይደለም፣ የሚሠራበት ሰው ጭምር ነው።

አሁን ዳይሬክተሮች የምትሉኝን አውቃለሁ፦ «ጋሼ፣ በቀን ይህን ያህል ትዕይንት እንቀርጻለን፣ ስክሪፕቱ ማታ ነው የሚደርሰው፣ ለግሥ ጊዜ የለንም።» እሺ። ሰባት ቴክ ስንት ደቂቃ ወሰደ? «ወንድምሽን አሳፍሪው» ለማለትስ? ጊዜ የሚያባክነው «አልመጣም፣ ድገሚው» ነው፤ የሚደገመው ምን እንደሆነ አይታወቅምና። ጊዜ የለንም የሚሉኝ ሰዎች የሚያስለቅሱበት ጊዜ አላጡም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «ስሜት ጨምሪበት» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ትዕይንቱን አላነበበውም። ማን ምን እንደሚፈልግ ቢጠየቅ አያውቅም። ያላወቀውን ነገር ተዋናይዋ ከገዛ ሐዘኗ እንድትሞላለት ነው የሚጠይቃት።

«ተመልካቹ ማልቀስ ይፈልጋል» ለሚለውም መልሴ ያው ነው፤ አስለቃሽዋን አስታውሱ።

ግን ሌላኛውንም ጥፋቴን ልናገር፣ አለበለዚያ ይሄም ሃይማኖት ይሆናል። ስሜቱን ትቼ ወደ ግሥ ስዞር እንደ አዲስ ተጠማቂ አበዛሁት። ተማሪዎቼ ስክሪፕታቸው ላይ በየመስመሩ ግሥ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ይመጣሉ። አንድ ዓመት የመጨረሻ ሥራቸውን ሲያሳዩ እያንዳንዱ ልጅ ግሡን በትክክል ተጫወተ። «ይለምነዋል» የተጻፈበት ጋ ለመነ፣ «ያስፈራራዋል» የተጻፈበት ጋ አስፈራራ። ችግሩ ጓደኛው በሁለተኛው ልመና ተሸንፎ እሺ ብሎት ነበር፣ እሱ ግን ወረቀቱ ላይ አራት ልመና ስላለ መለመኑን ቀጠለ። ተመልካቹ ሳቀ፣ ተውኔቱ የሚያስቅ አልነበረም። ግሥ ጥያቄ ነው፦ አደረግኩበት፣ ሠራ ወይስ አልሠራም? ካልሠራ ሌላ ልሞክር። መልሱ ያለው ባልደረባህ ፊት ላይ ነው። እሱን ካላየህ ግሥህም እንደ ስሜትህ የብቻ ጨዋታ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በሚቀጥለው እሑድ ቤቴ ጠራኋት። ባለቤቴ ቡና እያፈላች፣ እኛ ሳሎን የምግብ ጠረጴዛው ላይ። የመብራት ሒሳብ ደረሰኝ ፊቴ ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶ ያዝኩ፣ «ወንድምሽ ነኝ፣ ልፈርም ነው» አልኳት። መጀመሪያ ለመነችኝ። ለልመናዋ እንቢ ማለት በጣም ቀላል ነበር፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ታላቅ ወንድም ሆንኩ። ከዚያ አሳፈረችኝ። እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፣ ሰው ሲያፍር እልኸኛ ይሆናል። «እሺ፣ አልሠራም። ሌላ ምን አለሽ?» አልኳት። ደረሰኙን ስታይ ቆየችና «አስቀዋለሁ» አለች።

ስክሪፕቱ ላይ ልጆች ሳሉ በረንዳው ላይ ስለሆነ ነገር የምታነሳበት መስመር አለ። (መስመሩን አልጽፈውም።) ቀረጻው ላይ በዚያች መስመር ነው የተንሰቀሰቀችው። አሁን ልታስቀኝ ተናገረችው፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ልስቅ እንደሆነ እየጠበቀች። ሳቅኩ። ሳልፈልግ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ቀና ስል እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነው። መቼ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ስለ እናቷ አንድ ቃል አላነሳንም። ባለቤቴ ስኒውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ «ፈረመ?» አለች።

ቡናውን ስንጠጣ ልጅቷ «ጋሼ፣ ያኛው ግን ተቀርጿል እኮ» አለችኝ። አዎ፣ ተቀርጿል። በቅርቡ ይተላለፋል። ሰው አይቶ «ምን ዓይነት ተዋናይት ናት!» ይላል፣ እንባዋ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይዞራል፣ ሽልማትም ሊያስገኝላት ይችላል። የሚቀጥለው ዳይሬክተር ደግሞ ያንን አይቶ ይጠራትና አራተኛው ቴክ ላይ ጠጋ ይላታል። እሷ አሁን የምትመልሰውን ተለማምዳ ሄዳለች፦ «ጌታዬ፣ ሰውየውን ምን ላድርገው?» እንድትል። ትለው እንደሆነ አላውቅም። የቤት ኪራይ አለባት።

ዳይሬክተር የሆናችሁ ልጆቼ፣ ነገ ቀረጻ ያላችሁ፣ ይህን ጥያቄ ተዋናያችሁ ከመጠየቁ በፊት እናንተ ጠይቁት። የመድረክ ሰዎችም እንዲሁ። ለሌሎቻችሁ ደግሞ የቤት ሥራ፦ ሚስት አምሽቶ ለገባ ባሏ «እራት ቀርቧል» ትለዋለች። ምን ታደርገዋለች? ከላይ ከጠቀስኳቸው ውጪ አንድ አንድ ግሥ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ማክሰኞ ክፍል ይዤው እገባለሁ። «አዝና» ብሎ የሚጽፍ ካለ ድሮ ካስተማርኳቸው ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝና እንደገና ሞክር።